ብቻሽን ወደ ሞቃታማ አገር ከመሄድሽ በፊት፦ ለሴት ተጓዥ የዝግጅት መመሪያ

ብቻዋን የምትጓዝ ሴት የምትቸገረው ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ሲያልቅባት ነው። የያዘችው ገንዘብ ያልቃል፣ ስልኳ ይዘጋል፣ ሳታስበው ይመሻል፣ ወይም ሆዷን ይይዛትና አቅም ታጣለች። ያን ጊዜ ማን እንደሚረዳት የመምረጥ ዕድል የላትም። ቀድሞ "ነይ ላድርስሽ" ያላትን ትከተላለች። አብዛኛው ሰው ቅን ነው፤ ግን ምርጫው በአንቺ እጅ ሲሆን ነው ጥሩው። ከዚህ በታች የዘረዘርኩት ዝግጅት ሁሉ ዓላማው አንድ ነው፦ የትም ቦታ፣ በማንኛውም ሰዓት፣ "አይ፣ አመሰግናለሁ" ብለሽ መንገድሽን መቀጠል እንድትችይ።

1. መጀመሪያ ወቅቱን እዪ

ከምድር ወገብ ብዙም በማይርቁ አገሮች ዓመቱ የሚከፈለው በዝናብና በደረቅ ወቅት ነው። በዝናቡ ጊዜ ሆቴልና ትኬት ይረክሳል። ግን መንገድ በጎርፍ ይዘጋል፣ ጀልባ ይሰረዛል፣ አውቶቡስ ሰዓታት ይዘገያል። ከጓደኛ ጋር ለሚጓዝ ይህ መጉላላት ብቻ ነው። ለአንቺ ግን ባላሰብሽው ከተማ በጨለማ ማደሪያ መፈለግ ማለት ሊሆን ይችላል። ትንኝም ከዝናቡ ጋር ይበዛል። በካሪቢያን አካባቢ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን እስከ ኖቬምበር ነው፤ በማዳጋስካርና በሞሪሺየስ በኩል ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል። ብቻሽን ስትሄጂ የመጀመሪያሽ ከሆነ ትንሽ ቢወደድም ደረቁን ወቅት ምረጪ።

2. ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብለሽ ሐኪም ጋ ሂጂ

አንዳንድ ክትባት በተለያየ ዙር ስለሚሰጥ በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ አያዋጣም። በአፍሪካና በደቡብ አሜሪካ ሞቃታማ ክፍሎች ቢጫ ወባ አለ። ብዙ አገሮችም የክትባቱን ካርድ ካላየን አናስገባም ይላሉ። ካርዱ ዋጋ የሚኖረው ከተከተብሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንዴ ከተከተብሽ ዕድሜ ልክ ያገለግልሻል። መድረሻሽ ባይጠይቅ እንኳ አውሮፕላን በምትቀይሪበት አገር ምክንያት ልትጠየቂ ትችያለሽ። ስለዚህ ለሐኪሙ የመንገድሽን ዝርዝር በሙሉ ንገሪው። ሄፓታይተስ ኤ፣ ታይፎይድና ቴታነስም እግረ መንገድሽን ይታዩልሽ። ከሆስፒታል ርቀሽ ገጠር የምትቆዪ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትንም ጠይቂ።

እርጉዝ ከሆንሽ፣ የምታጠቢ ከሆነ፣ ወይም በቅርቡ ለማርገዝ የምታስቢ ከሆነ ሳትጠየቂ ተናገሪ። ብዙ ነገር ይቀይራል። የቢጫ ወባ ክትባት ከተዳከመ ግን ሕይወት ካለው ቫይረስ ስለሚሠራ ለነፍሰ ጡር በቀላሉ አይሰጥም። በትንኝ የሚተላለፈው ዚካ ደግሞ ጽንስን ይጎዳል።

የወባ መከላከያ እንክብል ሲታዘዝልሽ አጀማመሩንና አጨራረሱን ጻፊው። ዶክሲሳይክሊን ከጉዞው 1 ወይም 2 ቀን በፊት ይጀመርና ከወባማው አካባቢ ከወጣሽ በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ማላሮን የሚባለው አጀማመሩ ተመሳሳይ ነው፤ ከወጣሽ በኋላ ግን የሚወሰደው 7 ቀን ብቻ ነው። ሜፍሎኪን ከ2 ሳምንት በላይ ቀድሞ መጀመር አለበት፤ የጭንቀት ወይም የድብርት ታሪክ ላለባትም አይመከርም። ዶክሲሳይክሊን ርካሽ ነው። ነገር ግን ቆዳን በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል፣ አንዳንድ ሴቶች ላይም የብልት ፈንገስ ያመጣል። ከምግብ ጋር፣ በብዙ ውኃ ዋጪውና ወዲያው አትተኚ፤ ጉሮሮ ያቆስላል።

3. ወረቀትና ኢንሹራንስ

ፓስፖርትሽ ከምትመለሺበት ቀን በኋላ ቢያንስ 6 ወር የቀረው ይሁን፤ ባዶ ገጾችም ይኑሩት። የፓስፖርቱን፣ የቪዛውን፣ የክትባት ካርዱንና የኢንሹራንሱን ፎቶ አንሺና በኢሜይልሽ አስቀምጪ። አንድ የወረቀት ኮፒም ከፓስፖርቱ ለይተሽ ያዢ።

መድኃኒቶችሽን ከነማሸጊያቸውና ከሐኪም ማዘዣ ጋር ያዢ። ኮዴይንና ትራማዶል ያለባቸው ማስታገሻዎች አንዳንድ አገር ጉምሩክ ላይ ከባድ ጣጣ ያመጣሉ። ኢንሹራንስ ስትገዢ ደግሞ ሁለት ነገር ፈልጊ፦ ወደ ተሻለ ሆስፒታል በአውሮፕላን ማጓጓዝን ይሸፍናል ወይ? በሞተር ሳይክል የሚደርስን አደጋስ? ሁለተኛውን ብዙ ውሎች በትናንሽ ፊደል ያስቀሩታል። በብዙ ሞቃታማ አገሮች ደግሞ ታክሲው ራሱ ሞተር ነው።

4. ገንዘቡን ሦስት ቦታ ክፈዪው

የቀኑን ወጪ በቀላሉ በሚወጣ ቦርሳ ያዢ። ዋናውን ከልብስሽ ስር በሚታሰር ቀጭን ቦርሳ አድርጊ። ሦስተኛውን፣ ሁለት ቀን የሚያሳድርና ወደ ኤርፖርት የሚያደርስ ያህል፣ ማንም በማይከፍተው ቦታ ደብቂ። የሞዴስ እሽግ ውስጥ ማስቀመጥ የቆየ ዘዴ ነው፤ እስካሁንም ይሠራል። ሁለት የባንክ ካርድ ካለሽ በአንድ ቦርሳ አታኑሪያቸው። ኤቲኤም በቀን፣ ከተቻለ ባንክ ውስጥ ያለውን ተጠቀሚ። ገንዘቡን እዚያው ቆጥረሽ፣ አስገብተሽ፣ ከዚያ ውጪ።

ድፍን ኖት ብቻ ይዘሽ ታክሲ አትግቢ። "መልስ የለኝም" የሚል ሹፌር ጋ በምሽት መጨቃጨቅ የማያስፈልግሽ ነገር ነው።

5. ስልክሽ ያለ ኢንተርኔትም እንዲሠራ አድርጊ

የከተማውን ካርታ ቀድመሽ አውርጂ። የማደሪያሽን አድራሻ በአገሩ ቋንቋና ፊደል ስክሪንሾት አድርጊው፤ ለሹፌር ማሳየት ከመጥራት ይቀላል። የአደጋ ጊዜ የፖሊስና የአምቡላንስ ቁጥር፣ የኤምባሲሽና የኢንሹራንስሽ ስልክ በወረቀትም ይጻፍ። ስልኩ ቢሰረቅ የቤተሰብሽን ቁጥር በቃልሽ ታውቂዋለሽ? አብዛኞቻችን አናውቅም። ቢያንስ አንድ ቁጥር አጥኚ።

ፓወር ባንክ ግዴታ ነው። አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይፈቀድም። ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነም ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። 20,000 ሚሊአምፐር ሰዓት የሚለው የተለመደው ዓይነት ከዚያ በታች ነው።

አገር ቤት ያለች አንድ የምታምኛትን ሰው ተጠሪ አድርጊ። የጉዞ ዕቅድሽን ስጫት፣ የስልክሽን መገኛ አጋሪያት፣ የምትገናኙበትን ሰዓት ወስኑ። ዋናው ነገር "ካልደወልኩ ምን ታደርጊያለሽ?" የሚለውን ቀድሞ መነጋገር ነው። ለምሳሌ ከቀጠሯችሁ ሁለት ሰዓት ካለፈ ሆቴሉ ጋ ትደውል፤ ካላገኘችሽ ለኤምባሲው። ሌላ ሰው አጠገብሽ ሆኖ በነፃነት ማውራት ሳትችይ ስትቀሪ የምትጠቀሙበት ተራ የሚመስል ቃልም ተስማሙ።

6. ሻንጣ፦ ራስሽ መሸከም የምትችይውን ብቻ

ሻንጣሽን ሞልተሽ አንሺውና ደረጃ ውጪ ውረጂ። ካቃተሽ ቀንሺ። "ልያዝልሽ" ለሚል ሁሉ እጅ የማትሰጪው በራስሽ ስትችይ ነው።

ሰፋ ያለ፣ ስስ፣ እጅጌውና እግሩ ረጅም የሆነ የጥጥ ወይም የተልባ እግር ጨርቅ ልብስ ከሁሉም ይሻላል። ፀሐይን ይከላከላል፣ ትንኝ ያርቃል፣ አብዛኛው ቦታም ዓይን አይስብም። ጂንስ ተዪው፤ በእርጥበት አይደርቅም። ሰፊ ሻርፕ አንድ ያዢ፦ የእምነት ቦታ ስትገቢ ትከሻና ፀጉር ይሸፍናል፣ በቀዝቃዛ አውቶቡስ ይለበሳል። የውስጥ ልብስ የጥጥ ይሁን፣ በዛ አድርጊው። ላብ ሲበዛ ጭን ለጭን መፋጨት ያቆስላልና በቀሚስ ስር የሚለበስ አጭር ሱሪ ያዢ።

ዕቃዎችሽን በሚዘጉ ፕላስቲክ ከረጢቶች ለያይተሽ አስገቢ። ዝናቡ ሲመጣ ድንገት ነው፤ ፓስፖርትም ስልክም ይበሰብሳል።

7. የሴት ጉዳይ፣ ሳናፍር

ብዙ የጉዞ ምክሮች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል። ጉዞ የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የለመድሽው የወር አበባ መጠበቂያ ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ይገኝ ይሆናል፤ ትንንሽ ቦታ ላይ ግን አትተማመኚ። ታምፖን ጨርሶ የማይሸጥባቸው አካባቢዎች ብዙ ናቸው። ለሙሉ ጉዞው የሚበቃሽን ያዢ። የሚታጠበው የወር አበባ ኩባያ እስከ 12 ሰዓት ስለሚያቆይ ለረጅም የአውቶቡስ መንገድ ምቹ ነው፤ ግን ንጹሕ ውኃ ይፈልጋልና ቤትሽ ሁለት ወር ያህል ሳትለምጂው ጉዞ ላይ አትጀምሪ። የመንገድ፣ የሙቀትና የእንቅልፍ መዛባት ዑደትሽን ሊያፋልሰው ይችላል። ስለዚህ ቀኑ ሩቅ ነው ብለሽ ባዶ እጅሽን አትውጪ። ትንሽ ከረጢት አዘጋጂና ሁሌም ከአንቺ አትለይ፦ ሁለት መጠበቂያ፣ አንድ የውስጥ ሱሪ፣ ሶፍት፣ የእጅ ማጽጃ፣ ለቆሻሻው የሚሆን ጥቁር ፌስታል።

ሽንት ቤት ፍለጋ ፈርተሽ ውኃ መጠጣት አትቀንሺ። ብዙ ሴቶች ረጅም መንገድ ላይ ይህን ያደርጋሉ፤ ከዚያ በሙቀቱ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይከተላል። አውቶቡሱ በቆመበት ሁሉ፣ ባያስቸኩልሽም፣ ውረጂና ተጠቀሚ። ሌሎች ሴቶች ሲወርዱ አብረሽ መውረዱ ደግሞ ለደኅንነትም ጥሩ ነው። እርጥብ የዋና ልብስ ለብሰሽ አትዋዪ፤ ፈንገስ የሚወደው እሱን ነው። ከዚህ በፊት ፈንገስ ወይም የሽንት ኢንፌክሽን የሚደጋገምብሽ ከሆነ ሐኪምሽ መድኃኒቱን አስቀድሞ እንዲያዝልሽ ጠይቂ።

የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ከሚያስፈልግሽ አንድ እሽግ አብልጠሽ በእጅ ሻንጣሽ ያዢ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዪው። ከዋጥሽው በ3 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ እንዳልዋጥሽው ቁጠሪው። ከባድ ተቅማጥም ኃይሉን ይቀንሰዋል፤ ኮንዶም ያስፈልግሻል። ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል የምትወስጂ ከሆነ በረጅም በረራ ላይ እግርሽ ውስጥ ደም እንዳይረጋ ተነሺና ተንቀሳቀሺ።

ይህን መጻፍ ከባድ ቢሆንም አልዘለውም። የጾታ ጥቃት ቢደርስ ጊዜ ወሳኝ ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እንዲሁ ፈጥኖ ሲወሰድ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት በምትሄጂበት ከተማ 24 ሰዓት የሚሠራ ጥሩ ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ ፈልጊና ስሙን ስልክሽ ላይ መዝግቢ። ለትኩሳትም ለስብራትም ያው ሆስፒታል ነው የሚያስፈልግሽ።

8. በቀን ድረሺ

ከምድር ወገብ አጠገብ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድቅድቅ ይላል። የረጅም ምሽት ብርሃን የለም። ስለዚህ በረራም ሆነ አውቶቡስ ስትመርጪ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት የሚያደርስሽን ፈልጊ፤ መዘግየት ቢኖር እንኳ ብርሃን ይተርፍሻል። በሌሊት ከመድረስ ሌላ አማራጭ ከሌለ ማደሪያሽ ራሱ መኪና እንዲልክልሽ አድርጊ። የሹፌሩን ስምና ታርጋውን አስቀድመሽ ተቀበዪ። ስትገናኙ "አንተ እገሌ ነህ?" አትበዪው። "ማንን ነው የምትወስደው?" ብለሽ እሱ ስምሽን ይናገር።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ጥሩ ቦታ ያዢ። ገንዘብ የምትቆጥቢ ከሆነ ከሦስተኛው ቀን ጀምሪ። ማደሪያ ስትመርጪ ሌሎች ሴቶች የጻፉትን አስተያየት አንብቢ፤ ስለ ቁርሱ ሳይሆን ስለ ሰፈሩ፣ ስለ በሩና ስለ ሠራተኞቹ የሚሉትን።

ታክሲ ውስጥ ከኋላ ተቀመጪ። ሻንጣሽ ትንሽ ከሆነ ከጎንሽ አድርጊው፤ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከገባ ጥለሽው መውረድ ይከብድሻል። ታርጋውን ፎቶ አንስተሽ ለተጠሪሽ ላኪ፣ ሹፌሩ ቢያይሽም ችግር የለውም። እንዲያውም ቢያይ ጥሩ ነው።

9. ክፍሉን ሳትፈትሺ ሻንጣ አትክፈቺ

እንግዳ መቀበያው ላይ የክፍል ቁጥርሽን ጮክ ብለው ከተናገሩና አጠገብሽ ሰው ካለ ሌላ ክፍል ጠይቂ፤ ማፈር አያስፈልግም። ምድር ቤትና የእሳት አደጋ መውጫው ሰገነት ጋ ያለውን ተዪ። ክፍሉ ስትደርሺ በሩን ክፍት አድርገሽ ሻንጣሽን ደፉ ላይ አስደግፊ፤ ከዚያ ግቢና አልጋ ስር፣ ቁምሳጥን፣ መታጠቢያ ቤት፣ መጋረጃ ጀርባ እዪ። በሩን ዝጊና ከውስጥ መቀርቀሪያው እንደሚይዝ ገፋ አድርገሽ ሞክሪው። ብሎኑ የላላ መቀርቀሪያ ለዓይን ደህና ይመስላል፤ ሲገፋ ነው የሚታወቀው። መስኮቱንም እንዲሁ። ከጎረቤት ክፍል ጋር የሚያገናኝ በር ካለ መቆለፉን አረጋግጪ።

እኔ ሁሌም ከሻንጣዬ የማላጠፋው የጎማ የበር ሽብልቅ ነው። በርካሽ ይገኛል፣ ክብደት የለውም። ወደ ውስጥ በሚከፈት በር ስር ከውስጥ ሲገፋ ቁልፍ ያለው ሰው እንኳ በቀላሉ አይከፍተውም። የሚጮህ ዓይነትም አለ።

ከዚያ አጎበሩን እዪ። ቀዳዳ ካለው በፕላስተር ወይም በመርፌ ክር ድፈኚው። ጫፉን በፍራሹ ስር በዙሪያው ወትፊው፣ ስትተኚም ቆዳሽ አጎበሩን እንዳይነካ። ትንኝ በውጪ ሆኖ ይነክሳል። ልብስ ካጠብሽ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በዪ፤ በአፍሪካ ሞቃታማ አካባቢዎች ውጪ በተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላሉን የሚጥል ቱምቡ የሚባል ዝንብ አለ። ትሉ ቆዳ ውስጥ ይገባል። የውስጥ ልብስሽን ክፍልሽ ውስጥ አድርቂ፤ ውጪ ከተሰጣ በጋለ ካውያ በሁለቱም በኩል ተኩሺው።

10. የየቀኑ ልማድ

ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ ከምሽት እስከ ንጋት ትነክሳለች። ደንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታና ዚካን የምታስተላልፈው ግን ቀን ነው፤ ስለዚህ አጎበር ብቻ አይበቃም። ከ20 እስከ 50 በመቶ ዲት ወይም 20 በመቶ ፒካሪዲን ያለበት የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዢ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የፀሐይ መከላከያ፣ ሲደርቅ የትንኝ ቅባት። ዲት ፕላስቲክ ያበላሻልና መነጽርና ስልክ ከመንካትሽ በፊት እጅሽን ታጠቢ። የፀሐዩ ቅባት የመከላከል መጠኑ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፣ በየ2 ሰዓቱ ይደገም። ደመና ቢኖርም።

ትኩሳት ከያዘሽ ፓራሲታሞል ብቻ ውሰጂ። ደንጊ ከሆነ አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን የመድማት አደጋ ያመጣሉ። በዚያው ቀን ተመርመሪ።

ውኃ የታሸገ ወይም የፈላ ይሁን። ለ1 ደቂቃ መፍላት ይበቃዋል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ 3 ደቂቃ። በረዶ ካለበት መጠጥ ራቂ። ለተቅማጥ ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጠውን የስኳርና የጨው ዱቄት) ያዢ። ካለቀብሽ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጪና ቀስ እያልሽ ጠጪ። ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ስለሚፈጅበት የመጀመሪያዎቹን ቀናት በፕሮግራም አታጣብቢ። የደከማትና የዞረባት ሴት ጥሩ ውሳኔ አትወስንም።

ውሻ ወይም ዝንጀሮ ቢነክስሽ ወይም ቢቧጭርሽ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቢ፣ የዚያኑ ቀን ክትባት ፈልጊ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብለሽ አትተዪው። በአፍሪካ ሐይቆችና ቀስ ብለው በሚፈሱ ወንዞች ውስጥ ቢልሃርዚያ ስላለ ሳታጣሪ አትዋኚ።

ሰዎችን በሚመለከት፣ መንገድ ስትጠይቂ ሴቶችን ጠይቂ፦ የሱቅ ባለቤት፣ ልጅ የያዘች እናት፣ ተማሪዎች። የትኛው መንገድ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደማይኬድ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የት እንዳረፍሽ ለማያውቅሽ ሰው አትናገሪ። "ብቻሽን ነሽ?" ለሚል "ሰው እየጠበቀኝ ነው" በቂ መልስ ነው። ይህን ማለት ውሸታም አያደርግሽም። መጠጥሽን ከዓይንሽ አታርቂ። እና አንድ ነገር ውስጥሽ ካልተመቸው ምክንያት አትፈልጊለት፤ ተነሺና ሂጂ። ሰውየው ቢቀየም ይቀየም።

11. ከተመለስሽ በኋላ

የወባ እንክብሉን እስከ መጨረሻው ቀን ጨርሺ። ዚካ ካለበት አገር ከሆነ የመጣሽው፣ ለማርገዝ 2 ወር ጠብቂ። ከተመለስሽ በሳምንታት፣ በወራትም በኋላ ቢሆን ትኩሳት ከተነሳብሽ ጉንፋን ነው ብለሽ አትተኚ። ወባ እስከ አንድ ዓመት ዘግይቶም ሊወጣ ይችላል፣ ክትትል ካልተደረገለትም በቀናት ውስጥ ይከፋል። የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ፣ የት እንደነበርሽና መቼ እንደተመለስሽ ንገሪው፣ እሱ ባያነሳው እንኳ የወባ ምርመራ ይደረግልኝ በዪ።